ቅኔ ያልተጠየቀበት ፈተና

እንግሊዝኛን መጥላት የጀመርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ኮሌጅ ባከራየው ሙቅ አዳራሽ፣ ለልጅ የተሠራ በሚመስል ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ፣ ፊት ለፊቴ ሰሌዳው ላይ «ጌት» የምትል ቃል ተጽፋ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ጎብኚ ይዤ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ተመላልሻለሁ። ሥዕሉን አስረድቻለሁ፣ የብራና መጽሐፉን አስገልጬ አሳይቻለሁ፣ ደውሉ ለምን ከድንጋይ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። አልገባኝም ያለኝ ፈረንጅ አልነበረም። ያልገባውም ካለ ፈገግ ብሎ ፎቶውን ያነሳል እንጂ ሰዋስው አይጠይቀኝም።

ከዚያ መመሪያ መጣ። ጎብኚ ይዞ ገዳም የሚገባ ሁሉ የሦስት ወር የእንግሊዝኛ ሥልጠና ይወስዳል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ያላለፈ ጀልባ መንዳት፣ ዕቃ መሸከም፣ ዳር ቆሞ መጠበቅ ይችላል። ማስረዳት ግን አይችልም። መመሪያውን ያነበበልን ሰውዬ ይህን ሲል ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ቀለል ብሎት ነበር።

አብረውኝ ከተመዘገቡት አንዱ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ጀልባ ነጂ። እሳቸው ከሃያ ዓመት በላይ ጀልባቸውን ዳር አስረው፣ ከጎብኚው ቀድመው በቡናው መካከል ዳገቱን ወጥተው፣ ቤተ መቅደሱ ፊት ቆመው ሥዕሉን ሲተርኩ የኖሩ ናቸው። በእንግሊዝኛቸው ውስጥ ግሥ ከቦታው ተገኝቶ አያውቅም። ሆኖም ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የወጋበት ጋ ሲደርሱ የፈረንጁ ልጅ ሳይቀር አፉን ይከፍታል። ጀልባ መንዳቱ እንጀራቸው ነው፤ ሥዕሉን መተረኩ ግን ማዕረጋቸው ነበር። ባጁ ከቀረባቸው የሚቀርባቸው ይኼ ነው። ልጅ ሆነው ዳዊት ሳይደግሙ አባታቸው ሞተው ወደ ሐይቁ ስለ ወረዱ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለውን ሰው ሁሉ ቀና ብለው ነው የሚያዩት። እኔንም ቅኔ ቤት ስለ ነበርኩ እንደዚያው።

አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልያዘለት ልጅ ነበር። ሲገባ «ጋይስ» ይላል። የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ተቀምጠው «ጋይስ» ይለናል። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ገጽ አደለን፤ ሁለት መቶ ሐረግና አባባል ታትሞበታል። እነዚህን ያላወቀ ሰው እንግሊዝኛ ቻልኩ እንዳይል አለን። ከዚያ ወደ «ጌት» ገባ። ጌት አፕ መነሣት ነው። ጌት ኦን መሳፈር ነው፤ መስማማትም ነው። ጌት ኦቨር ከሐዘን መጽናናት ነው። ጌት ባይ እንደምንም መኖር ነው። ጌት አዌይ ዊዝ ደግሞ አጥፍቶ ሳይቀጡ መቅረት ነው። አንዲት ቃል ሥራ የላትም እንዴ፣ ለምን የሁሉም ተላላኪ ትሆናለች ብዬ ጠየቅኩት። ጥያቄዬን ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

አባባሎቹ ባሱ። ባልዲ የመታ ሰው ሞተ ማለት ነው። ለምን? አይታወቅም። ቀላል ሥራ ቁራሽ ኬክ ይባላል። እግርህ ይሰበር ማለት ይቅናህ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ይህን ለሰው ብትመኝ ሽማግሌ ይላክብሃል። ዝናብ ሲበረታ ድመትና ውሻ ዘነበ ይባላል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራችን እንደ ከበሮ እየተደበደበ፣ ዝናብን ለመግለጽ ከሰማይ ስለሚወድቅ ድመት እንማራለን። ደሜ ፈላ።

ቢሆንም ማጥናት ሙያዬ ነው። ቤቴ ሰባታሚት ነው፤ ከዚያ በባጃጅ እየመጣሁ ከሥልጠናው በፊት አንድ ሰዓት የሐይቁን ዳር ይዤ እየተመላለስኩ ወረቀቱን በዜማ አወረድኩት። «ሉክ አፍተር ተንከባከበ፣ ሉክ ፎር ፈለገ፣ ሉክ ዳውን ኦን ናቀ፣» እያልኩ ሳዜም ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ጠቁማ አሳየችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶውም በቃሌ ነበሩ። ከፊት ወደ ኋላ ብትጠይቀኝ አልሳሳትም፣ ከኋላ ወደ ፊትም አልሳሳትም።

በወሩ አጋማሽ አስተማሪው የቤት ሥራ ሰጠን። በሐይቁ ላይ ስላለ አንድ ውሎ አንድ ገጽ ጻፉ፣ አሥር አባባል ይኑርበት አለ። ይህን ሥራ እኔ እንደ ሠራሁት የሚሠራ ሰው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቅኔ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ ሳልሰማ፣ ጎጃም ገጠር ውስጥ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ መምህሩ የራሳቸውን ቅኔ ይነግሩሃል፣ አንተም በቃልህ ትይዘዋለህ። የምትይዘው ግን መንገዱን እንድታውቅበት ብቻ ነው። ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጠህ የራስህን ቅኔ ትቆጥራለህ፣ አዲስ ትፈጥራለህ ማለት ነው፤ አመሻሽ ላይ ለመምህሩ ትነግራለህ፣ ያርሙሃል። የሰማኸውን ቅኔ መልሰህ ከነገርክ ሌባ ነህ። አንድ ጓደኛችን ከሌላ ቅኔ ቤት የሰማውን የራሱ አስመስሎ ቢነግር መምህራችን አልተቆጡም፤ ዝም ብለው በሩን አሳዩት። ልጁ በዚያው ሳምንት አኮፋዳውን ይዞ ሄደ፣ ተመልሶም አላየነው። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። አባባል ማለት ለእኔ ሰው የሚሠራው ነገር ነው፤ የተሠራውን መልሶ መናገር ነውር ነው።

ስለዚህ ሁለት መቶውን ለናሙና እንደ ተሰጡኝ ቆጥሬ አሥር አዲስ አባባል በእንግሊዝኛ ሠራሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዕድለኛ ለሆነ ሰው «ዓሣው ራሱ መረቡን ሰፋለት» አልኩ። ለከባድ ዝናብ «ሐይቁ ተነሥቶ ቆመ» አልኩ። የሌለበትን ሁሉ ለሚያወራ አስጎብኚ «ጀልባው ሳይንቀሳቀስ ጎርጎራ ደረሰ» አልኩ። የቀሩት ሰባቱም ከእነዚህ አያንሱም ነበር። ወረቀቱን ስሰጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ እጄን ይዞ የሚስመኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወረቀቴን ይዞ ፊት ቆመና ለክፍሉ አነበበው። አነባበቡ ራሱ ሥድብ ነበር፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ዓይኑን ከፍ አድርጎ ሳቅ ይጠብቃል። ሳቁለት። ከዚያ አንድ ትልቅ ዜሮ በቀይ የተጻፈበትን ገጽ ወደ እኛ አዞረ።

«ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም» አለ። «እንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

«ይኸው፣ አሁን አልሁት» አልኩት።

«አንተ ማን ነህና ነው?»

ማን እንደ ሆንኩ አውቃለሁ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን የሚያገለግለኝ ነገር አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ባላንጣ ሆንን። ሲጠይቀኝ ዝም እላለሁ፤ ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። እሱም የክፍሉን ሰው ማሳቅ ሲያምረው የእኔን ዓሣና መረብ ያነሳል። መመሪያውን ላነበበልን ሰውዬ አቤት አልኩ። እሱም አስተማሪው የሚያውቀውን ያውቃል ብሎ ሸኘኝ።

ጀልባ ነጂው ግን አልሳቁም ነበር። ያን ቀን ከአዳራሹ ስወጣ ውጭ ጠብቀውኝ ወደ ሐይቁ አብረን ወረድን። ዓሣው መረቡን ሰፋለት ያልሃት አንጀቴ ገባች አሉኝ። እኔም የተቃጠለ አንጀቴን የማበርድበት ሰው አገኘሁ። ጀልባቸው ላይ ተቀምጬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ልጁ መሃይም እንደ ሆነ፣ ዝርዝሩ ናሙና እንጂ ትምህርት እንዳልሆነ፣ ክብር ያለው ሰው ሌላው የለበሰውን ቃል እንደማይለብስ፣ ፈተናው ላይ ሌላ ፈታኝ ሲኖር ሥራችን እንደሚታወቅልን ነገርኳቸው። በእያንዳንዱ ነገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እኔማ ምን አውቃለሁ፣ አንተ የተማርህ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ከሥልጠና በወጣን ቁጥር ጀልባው ላይ እንቀመጣለን። እኔ ከዝርዝሩ አንዱን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን ይሠራሉ፣ በእንግሊዝኛ አብረን እናስተካክለዋለን። ጊቭ አፕ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው ስላቸው ውኃውን ሲያዩ ቆይተው «መቅዘፊያዬን ለሐይቁ መለስሁ» አሉ። ሰውን መናቅ የሚለውን «ጥላዬ ላይ ቆሞ ያወራኛል» አሉት። ከእኔ ይበልጡ ነበር። ይህን ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ አልነገርኳቸውም። ቅኔ ቤት ቢገቡ ኖሮ መምህር የሚሆኑ ሰው እንደ ነበሩ እያሰብኩ፣ ቀናሁባቸውም።

ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴን ላያቸው ሄድኩ። አባቴ በሐይቁ ዳር ያለ ደብር መሪጌታ ናቸው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ፍርድ ይሰጠኛል ብዬ የልጁን ግፍ፣ የዜሮዋን ቅላት፣ የአሥሩን አባባል አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አሥሩንም ሰሙ። ሦስተኛዋ ላይ ፈገግ አሉ፤ ድል ያደረግኩ መሰለኝ።

«የአገሩ ሰው ዝናብ ሲበረታ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ድመትና ውሻ ዘነበ ይላል።»

«አስቀያሚ ነው» አሉ። «እንግዲህ እንደዚያው በል።»

የሰው አባባል መልሶ መናገር ስርቆት መሆኑን እንድማር ቅኔ ቤት የሰደዱኝ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዲያቆኑ ተንሥኡ ሲል ሕዝቡ የሚቆመው ቃሉን ስለሚያውቀው ነው። ያቺን ቃል ትቶ በቦታዋ የራሱን ቅኔ ቢል ማን ይቆምለታል? ይህ የነገርኸኝ የነሱ ቅዳሴ ነው። ቅኔ የጠየቀህ የለም።»

ተነሥቼ ሄድኩ። ደህና ይዋሉ ማለቴንም እጠራጠራለሁ። ባጃጅ ውስጥ እስከ ሰባታሚት ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነበር። በልጁ ላይ የነበረኝ ንዴት አሁን በአባቴ ላይ ዞረ፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ። ቅዳሴ እንደ ወረደ ይባላል። አንድ ፊደል ብታነሳ፣ አንድ ፊደል ብትጨምር፣ ካህናቱ ዞረው ያዩሃል። ይህን ሰባት ዓመቴ ላይ አውቄው ነበር። ሰው ለሰው እንዲቆምለት፣ እንዲመልስለት፣ አብሮት እንዲሄድ የታወቀውን ቃል ማለት አለበት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በሰው ቅዳሴ ላይ ቅኔ ስዘርፍ ከርሜ፣ አልቆሙልኝም ብዬ ተቆጥቻለሁ።

በዚያኑ ቀን ስድስቱን ገጽ ከጣልኩበት አነሳሁ። ዘጠኙንም ቀን ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ሐረግ በቦታው፣ በአገባቡ፣ ሰውየው በሚለው ድምፅ አጠናሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ወትሮው ጀልባው ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው አዲስ የሠሩትን ይነግሩኛል። ጥሩ ነው እላቸዋለሁ። ጥሩም ነበር።

ለምን አልነገርኳቸውም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ተሳስቻለሁ ማለት አልቻልኩም። ለሌላ ሰው እችል ይሆናል። ለዚያ ልጅ አስተማሪ እንኳ፣ ጨርሶ ከተጨነቅኩ፣ እችል ይሆናል። ቀና ብሎ ለሚያየኝ ሰው ግን አልቻልኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዘጠኝ ነገዎች ነበሩኝ።

የፈተናው ቀን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚለብሷትን ኮት ለብሰዋል። እኔ ቀድሜ ተጠራሁ። ውስጥ አስተማሪው፣ አንዲት የቢሮ ሴትና አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ተቀምጠዋል። ሥራ የከበደህን አንድ ቀን ንገረን አለኝ ፈረንጁ። ነገርኩት። ድመትና ውሻው ዘነበ፣ ሞተሩ ብሬክ ዳውን አደረገ፣ ነዳጁ ራን አውት ሆነ፣ እኛ ግን ጊቭ አፕ አላልንም፣ በመጨረሻ ነገሩ ቁራሽ ኬክ ሆነ። ፈረንጁ እያንዳንዷ ላይ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሁሉም በየቦታው ቆመለት። አስተማሪው ፈገግ ብሎ አየኝ። በሕይወቴ ካየሁት ፈገግታ ሁሉ እንደዚያ የጠላሁት የለም።

ስወጣ ጀልባ ነጂው እንዴት ነው አሉኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ስማቸው ገና አልተጠራም። ጊዜ ነበረኝ። የሚያውቁትን ከዝርዝሩ ይበሉ፣ የኛን ይተዉት፣ ለማለት አሥር ቃል ይበቃኝ ነበር።

«ቀላል ነው» አልኳቸው። «ይግቡ።»

በሩ በቅጡ አይገጥምም፣ ስለዚህ ሰማሁ። ፈረንጁ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው። በዚያ ግሥ አልባ እንግሊዝኛቸው ስለ አንድ ማዕበል ጀመሩና መቅዘፊያዬን ለሐይቁ መለስሁ የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሥዕሉ ፊት ሲቆሙ እንደሚያደርጉት። ፈረንጁ ምን ማለት ነው አለ። ደግመው አሉት፣ ቀስ ብለው፣ አሳምረው። ከዚያ የአስተማሪውን ሳቅ ሰማሁ፤ የሚቀጥለው ይግባም አለ።

ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ፈረንጁ ድገምልኝ አለኝ» አሉ። «ወዶት ነው።»

እኔም ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው።

ውጤቱ በሳምንቱ ወደቡ ላይ ያለው ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ። ስሜ ሦስተኛ ነው። እሳቸው ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አወረዱ፣ እንደገና ከላይ ጀመሩ፣ እንደገና አወረዱ። ከሥር ላላለፉት ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ፈተና እንዳለ ተጽፏል። እስከዚያ ጀልባቸውን ይነዳሉ፤ ዳገቱን ሌላ ሰው ጎብኚያቸውን ይዞ ይወጣል። ያ ሌላ ሰው እኔ ልሆን እንደምችል ሁለታችንም እናውቃለን።

«አንተ ምን ብለህ መለስህላቸው?» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

«እንደ ተለማመድነው ነዋ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ምላስ ነው» አሉ። «በልጅነቴ አልተገራም። ሐሳቡማ ያው ነው፣ ላንተ ከተቀበሉህ። በል ከነገ ጀምረህ አስጠናኝ።»

እሺ አልኳቸው።

በማግስቱ ጀልባው ላይ ተቀመጥን። ስድስቱን ገጽ ከኪሴ አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ጠርዙ በእጄ ብዛት ተበልቷል፣ በየመስመሩ ግራና ቀኝ ለፈተናው ብዬ በእርሳስ የጻፍኩት ማስታወሻ ሞልቶበታል። አንድ ቀን የተያዘ ወረቀት እንዲህ አይሆንም፤ እሳቸውም ማንበብ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይቀበሉኛል። ለምን የራሳችንን ትተን ከዝርዝሩ እንደ ጀመርን አልጠየቁኝም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማስታወሻዬን በመዳፌ ሸፍኜ ቆምኩ። እሳቸው ወደ ውኃው እያዩ ጠበቁኝ።

«ይቀጥሉ» አሉኝ።

ከተዋወቅን ጀምሮ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም ነበር።